ለፈጠራ ጽሑፍ ብቻ መሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልቦለድ፣ ግጥም ወይም ተውኔት የሚጽፉና ለመጻፍ የሚሞክሩ ሰዎች ስለ ጽሞና ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ለፈጠራ ጽሑፍ ብቻ መሆን በእርግጥ ያስፈልጋል? ለምን?

ያስፈልጋል። ልቦለድ የሚጽፍ ሰው አንድን ዐረፍተ ነገር በሚያቀናብርበት ቅጽበት ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዟል፤ የገጸ ባሕርይዋን ዕድሜና አነጋገር፣ በቀደመው ምዕራፍ የዋሸችውን ውሸት፣ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን፣ የዐረፍተ ነገሩን ምት፣ ገና ያልተጻፈውን ግን እየቀረበ ያለውን ትዕይንት። በሩ ተንኳኩቶ «አንዴ ብቻ ና» ሲባል የሚባክነው የተነሣበት ደቂቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር። ተመልሶ ሲቀመጥ ወረቀቱ እንዳለ ይጠብቀዋል፤ በውስጡ ተሰብስቦ የነበረው ግን ተበትኗል፣ እንደገና ለመሰብሰብም ከመቋረጡ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ከጫጫታ ጋር ግንኙነት የለውም። አጠገባችን ሰው ሲኖር፣ ዝም ቢል እንኳ፣ ፊቱን እያየን እንጽፋለን፤ የሚያሳፍረውን እንተዋለን፣ የሚያስደስተውን እናበዛለን። ይሉኝታ በጸናበት ኅብረተሰባችን ውስጥ ይህ ጫና ለአማርኛ ጸሐፊ በተለይ ከባድ ነው። እናቱን የምትመስል ገጸ ባሕርይ መርገም በሚገባት ቦታ ላይ እናቱ በሚቀጥለው ክፍል ከተቀመጠች ሳያስበው ያስመርቃታል። የመጀመሪያው ረቂቅ ከጸሐፊው ሌላ ዳኛ ሳይኖረው መወለድ አለበት፤ ብቻ መሆን የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ይህ ልማድ ከውጭ የመጣ ነው ወይስ በእኛም አገር ይታወቃል?

በእኛ አገር የቅኔ ትምህርት የተመሠረተው በዚሁ ልማድ ላይ ነው። ስመ ጥር የቅኔ ማስተማሪያ ቦታዎች የሆኑት የዋድላ፣ የጎንጅና የዋሸራ ስም የሚነሣበት የቅኔ ትምህርት ተማሪውን በየዕለቱ ለቅኔ ቆጠራ ያሰማራዋል። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ ከጓደኞቹ ይለይና ከዛፍ ሥር፣ ከቋጥኝ ጥግ ወይም ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ተቀምጦ የግእዙን ቃል እያወጣና እያወረደ የዕለቱን ቅኔ ያዘጋጃል። ጀማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየጠነከረ ሲሄድ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ለሌላ ቀን ተመልሶ ስለማይባል ትናንት የቆጠረው ዛሬ አያገለግለውም፤ ስለዚህ ለብቻ መቀመጡ አልፎ አልፎ የሚደረግ ሳይሆን የየቀን ሥራው ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ብቻ የመሆኑ ሰዓት መጨረሻ ያለው መሆኑን ነው። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይህ ነገራ ይባላል። መምህሩ ያዳምጣሉ፣ ቤቱ የጎደለውን ወይም አገባቡ የተዛነፈውን ያርማሉ፣ ምሥጢር የሌለውን ይጥላሉ። እርሳቸውም በተራቸው ቅኔ ሲዘርፉ፣ ማለትም በቃላቸው ሲያፈልቁ፣ ተማሪዎቹ ሰምተው ይማራሉ። ለብቻ መቁጠር፣ በሰው ፊት መንገር፣ ከሚበልጥ መስማት በአንድ ቀን ውስጥ ተያይዘው ይሄዳሉ። ዛሬ ስለ ደራሲ ብቸኝነት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንይዘው የመጀመሪያውን ብቻ ሲሆን፣ ከዚህ በታች በሚነሡት ብዙ ጥያቄዎች ውስጥ ያለው ችግርም ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

በቀን ስንት ሰዓት ብቻዬን መሆን አለብኝ?

ከሰዓቱ ርዝመት ይልቅ መደጋገሙ ይበልጣል። በየቀኑ የሚገኝ አንድ ሰዓት በወር አንዴ ከሚገኝ ሙሉ ቅዳሜ የተሻለ ነው፤ ትናንት የተተወ ታሪክ ዛሬ ገና ትኩስ ሲሆን፣ ከወር በኋላ ግን ጸሐፊው ከራሱ ገጸ ባሕርያት ጋር እንደ አዲስ መተዋወቅ ይኖርበታል። እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሳለ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጽፍ ነበር፤ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት እንዲጽፍ ራሱን ያስገድድ እንደነበርም ራሱ መስክሯል። በዚህ ሁኔታ 47 ልቦለዶች ጽፏል። እንዲህ ያለው ፍጥነት ለሁሉም አይሆንም፣ ለግጥምማ ጨርሶ አይሆንም። ከእርሱ መውሰድ ያለብን የመንግሥት ሥራውን ሳይለቅ፣ ከቢሮ በፊት ያለውን ሰዓት ማንም እንዳይነካው አድርጎ መያዙን ነው።

ለጀማሪ በሳምንት አምስት ቀን ከ40 እስከ 60 ደቂቃ በቂ ነው። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሐሳብን ለመሰብሰብ ስለሚሄዱ ከ30 ደቂቃ በታች ማሳጠር አይመከርም።

የራሴ ክፍል የለኝም። ምን ላድርግ?

ክፍል መኖሩ ይረዳል፤ አለመኖሩ ግን ብዙዎችን አላስቆመም። ፍራንዝ ካፍካ ፕራግ ውስጥ በወላጆቹ ቤት ሲኖር ክፍሉ ከሳሎኑ ወደ ወላጆቹ መኝታ ቤት መተላለፊያ ነበር፤ ቀን በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ይውልና ቤተሰቡ እስኪተኛ ጠብቆ ሌሊት ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1912 አንድ ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳይነሣ ተቀምጦ ጽፎ የፈጸመው አጭር ልቦለድ የደራሲነት መንገዱን የከፈተለት ሥራ ነው። ጄን ኦስተን በቾውተን መንደር ትጽፍ የነበረው ቤተሰቡ ሁሉ በሚጠቀምበት ሳሎን ነበር፤ የወንድሟ ልጅ እንደተረከው ሲጥ ሲጥ የሚለው በር እንዳይጠገን የፈለገችው ሰው ሲመጣ ቀድማ ሰምታ ወረቀቷን እንድትደብቅ ነው። ያጡትን ክፍል ካፍካ በሰዓት፣ ኦስተን በበሩ ድምፅ ተክተውታል ማለት ይቻላል።

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርን ወይም በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መጠቀም ይችላል። በክልል ከተሞችም የዩኒቨርሲቲና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሉ። አብዛኛው ቦታ በተማሪ ስለሚሞላ በጠዋት መሄድ ይበጃል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጸጥታ፣ ቢሮ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ያለው አንድ ሰዓት፣ ሌላው ቀርቶ የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥም ሊያገለግል ይችላል። አሜሪካዊቷ ማያ አንጀሉ ቤት እያላት እንኳ የሆቴል ክፍል ተከራይታ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች አስነሥታ፣ በጠዋት ገብታ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር፤ ቤት ሰፊ ሲሆንም የቤት ጣጣ አይቀርምና።

ካፌ ውስጥ ተቀምጠው የሚጽፉስ?

የማናውቃቸው ሰዎች ድምፅ ከምናውቀው ሰው ዝምታ ያነሰ ያውካል፤ ምክንያቱም ከእኛ የሚጠብቁት ነገር የለም። ስለዚህ ካፌ ለአንዳንዱ ጸሐፊ ጥሩ ቦታ ነው፤ በተለይ ንግግር የበዛበት ተውኔት ወይም ልቦለድ ለሚጽፍ ሰው የአካባቢው አነጋገር ስንቅ ይሆነዋል። የሚያውቁት ሰው ዘወትር የሚያልፍበት የሰፈር ካፌ ግን ለዚህ አይሆንም። ሁለት ፌርማታ ራቅ ብሎ መሄድ ይሻላል።

ስልኬ አጠገቤ እያለ ብቻዬን ነኝ ማለት ይቻላል?

አይቻልም። የበራ ስልክ ክፍሉን በሰው ይሞላዋል። በላፕቶፕ ወይም በወረቀት የሚጽፍ ሰው ስልኩን ሌላ ክፍል ይተወው። ኮምፒውተር ስለሌላቸው በስልካቸው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱ ዳታውን አጥፍተው ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት።

ከመደወሉ የባሰው ግን ቶሎ መለጠፍ ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ለአማርኛ ግጥም ሰፊ አደባባይ ሆነዋል፤ ማተሚያ ቤት የመግባት አቅም ያልነበራቸው ወጣቶች አንባቢ አግኝተውባቸዋልና ይህን ውለታ ማቃለል አይገባም። ሆኖም ማታ የተጻፈ ግጥም ሳያድር ተለጥፎ የልብ ምልክት ሲቆጠርለት፣ ገጣሚው የሚቀጥለውን ስንኝ ለዚያ ምልክት መጻፍ ይጀምራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያነበው ራሱ የሚሰርዘውን ቃል ያኔ ሁለት ሺህ ሰው አጽድቆለት ስለነበር አይሰርዘውም። የተጻፈ ነገር ቢያንስ ጥቂት ቀናት ከጸሐፊው ጋር ብቻውን ይደር።

ብቻዬን ስቀመጥ ምንም አይመጣልኝም። ችግሩ ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ባዶ እጅ መግባት ነው። የቅኔ ተማሪው ወደ ቆጠራ ሲወጣ የሚቆጥረው የቅኔ ዓይነት ታውቆለታል፤ የቤቱ ልክና ዜማው የተወሰነ ነው፣ የሚቆጥርለት በዓል ወይም ታሪክም ይኖረዋል። ይህ ሁሉ ተወስኖለት ብቻውን ሲቀመጥ ጸጥታው የሚሠራበት ነገር ያገኛል። «ዛሬ ልቦለድ እጽፋለሁ» ብሎ የሚቀመጥ ሰው ግን በጸጥታው ውስጥ የሚያገኘው የራሱን ጭንቀት ነው። ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት ሥራው ጠባብ ሆኖ ይወሰን፦ ልጁ አባቱን ገንዘብ ሲጠይቅ፣ አባትየውም ሳይከለክለውም ሳይሰጠውም ሲቀር የሚያሳይ አንድ ገጽ። የዕለቱን ሥራ ሲያቆሙም የነገውን መጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ጽፎ መነሣት በእጅጉ ይረዳል።

ሌላው ምክንያት አለመልመድ ነው። በሰው መካከል ያደገ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ሲዘጋ ያልታጠበ ዕቃ፣ ያልተደወለለት ዘመድ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ሁሉ ይታወሱታል። ይህ የሚጠበቅ ነው። በማስታወሻ ጥግ ላይ ጽፎ አሳድሮ ወደ ሥራው መመለስ እንጂ ተነሥቶ ለመፈጸም መሮጥ አያስፈልግም።

ቤተሰቤና ጎረቤቶቼ «ኮራ፣ ራቀን» ይሉኛል። እንዴት ላስረዳቸው?

ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም። ቡና ሲፈላ ጎረቤት በሚጠራበት፣ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ስሙ በሚነሣበት ኅብረተሰብ ውስጥ በር ዘግቶ መቀመጥ የሆነ ነገር ይናገራል። ስለዚህ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ምክንያቱና ሰዓቱ ይነገር። ሰው ምክንያቱን ያላወቀውን መጥፋት ይቀየማል፤ የታወቀ ሰዓትን ግን ይለምዳል። «እማዬ፣ አቦሉ ይለፈኝ፤ ለቶናው እደርሳለሁ» ብሎ በቶናው በእርግጥ የሚገኝ ልጅን እናት ውላ አድራ ራሷ ትጠብቅለታለች፤ «ዝም በሉ፣ እየጻፈ ነው» የምትለውም እርሷው ትሆናለች።

ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ የእድር ግዴታን መወጣት ከጽሕፈት የተሰረቀ ጊዜ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። በድንኳን ውስጥ የሚሰማው ወግ፣ አልቃሿ ሟቹን እያነሣች የምታወርደው ሙሾ፣ ሁለት ዘመዳሞች ከዓመታት ቂም በኋላ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያወሩት ወሬ የትም የማይገኝ ሀብት ነው። መቀነስ የሚገባው ከልማድ በቀር ምክንያት የሌለው መቀማመጥ ነው፤ ይህንንም ጸሐፊው ራሱ ያውቀዋል።

እናት ነኝ፤ ሁልጊዜ የሚጠራኝ አለ። ለእኔ የሚሆን ምክር አለ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነው፤ መልሱም በጸሐፊዋ ትጋት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ቨርጂኒያ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1928 በኬምብሪጅ ለሴት ተማሪዎች ባቀረበችውና በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ ባሳተመችው ንግግሯ ልቦለድ የምትጽፍ ሴት በዓመት 500 ፓውንድና ቁልፍ ያለው የራሷ ክፍል ያስፈልጓታል ያለችው ነገሩ የገንዘብና የቤት አያያዝ ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት ነው። በእኛም ቤቶች እንደዚያው ነው። አባት ጋዜጣ ሲያነብ «አትረብሹት» የሚባልበት ቤት ውስጥ እናት ስትጽፍ ግን «ሥራ ፈታ» የምትባል ከሆነ፣ የጎደለው ተሰጥኦዋ አይደለም።

እስከዚያው ግን የሚቻል አለ። ቶኒ ሞሪሰን ሁለት ወንዶች ልጆችን ለብቻዋ እያሳደገችና በአርታኢነት እየሠራች ልጆቹ ሳይነሡ፣ ጎህ ሳይቀድ ትጽፍ ነበር፤ የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1970፣ የኖቤል ሽልማቷ በ1993 እ.ኤ.አ. መጥተዋል። ሌሊት በሕፃን ለምትነቃ እናት ግን የንጋቱ እንቅልፍ ከጽሕፈቱ ይቀድማል፤ እንቅልፏን ሸጣ እንድትጽፍ የሚመክራትን አትስማ። ለእርሷ የሚሻለው በሳምንት ሁለት ጊዜ ልጁን ባለቤቷ፣ እህቷ ወይም እናቷ የሚይዙበት ቁርጥ ያለ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ከቤት ወጥታ ትሂድ፤ ቤት ውስጥ ያለች እናት መጠራቷ አይቀርምና።

ወደ ገጠር፣ ወደ ገዳም ወይም ወደ ደራስያን ማረፊያ መሄድ ይጠቅማል?

የተጀመረ ሥራን ለመጨረስ ይጠቅማል፤ ለመጀመር ግን ብዙም አያስፈልግም። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮው ከ1845 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. በዎልደን ኩሬ ዳር በሠራት ጎጆ መኖሩ ሁሌም ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ጎጆዋ ከኮንኮርድ ከተማ በእግር የምትደረስ ነበረች፣ እንግዶችም ይመጡበት ነበር። ስለዚያ ኑሮ የጻፈው መጽሐፍም ወደ ከተማ ተመልሶ ለዓመታት ደጋግሞ ካረመው በኋላ በ1854 ነው የታተመው።

በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው ማክዳወል የተባለ ማረፊያ ለጥበብ ሰዎች በጫካ ውስጥ የሚሠሩበት የየራሳቸውን ጎጆ ይሰጣል፤ ምሳቸውም እንዳይረበሹ በቅርጫት ሆኖ በራቸው ላይ ይቀመጥላቸዋል። በእኛ አገር ብዙዎች የሚያስቡት ገዳምን ነው። ገዳም የጸሎት ስፍራ እንጂ የመጻፊያ ቦታ አይደለምና ለሱባኤ የሄደ ሰው ለሱባኤው ይሁን። ለመጻፍ ማረፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፣ የቦታውንም ሥርዓት ያክብር።

ረቂቄን ለሰው ማሳየት ያለብኝ መቼ ነው?

የመጀመሪያው ረቂቅ ከዳር እስከ ዳር ካለቀ በኋላ። ከዚያ በፊት የሚሰጥ አስተያየት፣ ጥሩም ቢሆን፣ ታሪኩን ወደ አስተያየት ሰጪው ታሪክ ይጎትተዋል። ከዚያ በኋላ ማዘግየትም ጉዳት አለው። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለምና፣ ለማንም ሳያሳይ ዓመታት የሚቆይ ጸሐፊ ሥራውን የሚመዝንበት ሌላ ሚዛን ያጣል። በአምኸርስት በቤቷ ተከትታ በመኖሯ የምትታወቀው ኤሚሊ ዲክንሰን እንኳ ከ1,800 ገደማ ግጥሞቿ በሕይወቷ ሳለች የታተሙት በጣም ጥቂቶቹ ቢሆኑም፣ ለወንድሟ ሚስት ለሱዛን ብቻ ከ200 በላይ ግጥሞች ልካለች። አንባቢ ነበራት፤ የመረጠቻት አንባቢ።

ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል። ከእነርሱ አንዱ ጸሐፊ ያልሆነ ይሁን፤ የት ላይ እንደሰለቸው በግልጽ ይነግራልና። ለግጥም ድምፅ አውጥቶ በሰዎች ፊት ማንበብን የሚተካ ነገር የለም፤ ቤት ሲሰብር ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

ታላላቅ ሥራዎች በእስር ቤት ተጽፈዋል ይባላል። ታዲያ የግዳጅ ብቸኝነት ለደራሲ ይጠቅማል ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ አስተሳሰብ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1978 በካሚቲ እስር ቤት የመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ ቋንቋ ልቦለድ ጽፏል። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ አንድን ግዙፍ የአሜሪካ ልቦለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መልሶ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለአንባቢ አብቅቷል። የነቢይ ሁኔታ እንዲያውም የብቸኝነት ተቃራኒ ነው፤ የሠራው በእስረኛ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሆኖ ነው። ሁለቱም የሚመሰክሩት ስለ ሰዎቹ ጽናት ነው። ስለ እስር ቤቱ የሚመሰክሩት በጎ ነገር የለም።

የምናውቃቸው የተረፉትን ሥራዎች ብቻ መሆኑንም እናስብ። በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ሲቀር ሊጽፋቸው ይችል የነበሩ መጻሕፍትም አብረውት ቀርተዋል። ጸሐፊ የሚያስፈልገው በራሱ ፈቃድ የሚገባበትና በራሱ ፈቃድ የሚወጣበት ጽሞና ነው።

በስደት የምኖረው ብቻዬን ነው፤ ጊዜም አለኝ፤ ግን በአማርኛ መጻፍ አቃተኝ። ለምን?

ጽሞና ከሰው ጋር ከቆዩበት ሰዓት የሚቀበለው ነገር ያስፈልገዋል። በቨርጂኒያ ወይም በስቶክሆልም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ አማርኛ ሳይሰማ ሊውል ይችላል። ሲቀመጥ በጆሮው ውስጥ የሚያስተጋባ አዲስ አነጋገር የለም፤ ያለው አገር ቤት ጥሎት የመጣው ቋንቋ ነው፣ እርሱም ከዓመት ወደ ዓመት መጽሐፍ መጽሐፍ እየሸተተ ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጸሐፊ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ብቻ መሆን አይደለም። ከመጻፉ በፊት ሩብ ሰዓት አማርኛ ድምፅ አውጥቶ ያንብብ፤ አክስቱ ጋ ደውሎ የሰፈሩን ወሬ አስወርቶ ይስማ፤ ለበዓል ሲሰበሰቡ ሽማግሌዎች አጠገብ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ በሩን ቢዘጋ የሚጽፈው ያገኛል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ እህት ችግር ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሷ ሰዓቱም ክፍሉም የራሷ አይደሉም። ሥራ ላይ እያለች የመጣላትን ስንኝ ማታ በስልኳ በድምፅ ቀድታ ማስቀመጥ፣ ለምታምነው ሰውም ወዲያው መላክ ትችላለች፤ ስልኩ ቢወሰድም ግጥሙ አይጠፋም። ሲመቻት ከድምፁ ወደ ጽሑፍ ትገለብጠዋለች። ከእንዲህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ የሚወጣ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገን፣ የተላከለት ሰው አደራውን በክብር ይያዝ።

ብቻ መሆኔ እየጎዳኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ከጽሕፈቱ ሰዓት በኋላ ወደ ሰው መመለስ ካስፈራዎ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡ፣ ቀድሞ ደስ ይሉዎት የነበሩ ነገሮች ሁሉ ከደበዘዙ፣ በሩን የሚዘጉት ለመጻፍ ሳይሆን ላለመታየት ከሆነ፣ ይህ ከጽሞና አልፏል። በተለይ ሳምንታት አልፈው ምንም ሳይጻፍ በሩ ብቻ እየተዘጋ ከሄደ ለቅርብ ሰው መንገርና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ይገባል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ የሚጠበቅ ቀን የለም፤ ያኑ ዕለት ለሰው ይነገር፣ ወደ ሐኪም ቤት ይኬድ።

ድብርት የደራሲ ባሕርይ ነው፣ ስቃይም የተሰጥኦ ዋጋ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ወጣቶችን ሳይታከሙ አቆይቷል። የታከመ ሰው ይጽፋል። በሕመም የተያዘ ሰው አንድ ገጽ እንኳ ማንበብ ሊያቅተው ይችላል።

የእኔ ብቻ መሆን የሌላ ሰው ሸክም ከሆነስ?

ሁልጊዜም በተወሰነ መጠን ነው። ትሮሎፕ በንጋት ተነሥቶ የሚጽፈው ከእርሱ ቀድሞ ተነሥቶ ቡና የሚያመጣለት አገልጋይ ስለነበረው ነው፤ ለዚህም በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍለው ነበር። ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ በርስቱ በያስናያ ፖልያና ተዘግቶ ሲጽፍ 13 ልጆች የወለደችለት ሚስቱ ሶፍያ ቤቱን ታስተዳድር፣ ረቂቆቹንም በእጇ ደጋግማ ትገለብጥ ነበር። ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1913 በኋላ እጮኛው ለሆነችው ሴት በጻፈው ደብዳቤ ለእርሱ የሚስማማው ኑሮ ከሰፊ ምድር ቤት ውስጠኛ ክፍል መብራትና መጻፊያ ይዞ መቀመጥ እንደሆነ፣ ምግቡም ከክፍሉ ርቆ ከውጭው በር ላይ እንዲቀመጥለት እንደሚፈልግ ገልጿል። በምኞቱ ውስጥ እንኳ ምግቡን አብስሎ የሚያመጣ ሰው አለ፤ ስሙ ግን አልተጠቀሰም።

ስለዚህ ጸሐፊው የሚዘጋው በር ከውጭ በኩል ማን እንደቆመ መጠየቅ አለበት። ሚስት ልጆቹን ይዛ ዝም የምታሰኝለት ባል ለእርሷም ተመጣጣኝ ሰዓት ይስጥ፤ እርሷ መጻፍ ባትፈልግ ሰዓቱን ለፈለገችው ታውለው። የቤት ሠራተኛ ካለች የእርሷም የዕረፍት ቀን በጽሕፈቱ ምክንያት አይታጠፍ። ባልና ሚስት ሁለቱም የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከፍለው አንዱ ጠዋት አንዱ ማታ ቢይዙ፣ ተራውም በቤተሰቡ ዘንድ ታውቆ በወረቀት ተጽፎ ቢሰቀል፣ ልጆችም ማን መቼ እንደማይጠራ በቶሎ ይለምዳሉ።